ዓሣ የዳርኩ ለታ

ሰው በሰው ትዳር ገብቶ ቢያፍር ያለ ነው። እኔ ግን ያፈርኩት በዓሣ ትዳር ገብቼ ነው። ሳቁ፤ ግድ የለም። እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሠፈራችን ፌርፋክስ ላይ ያልሳቀብኝ የለም፤ እናንተ ብትጨመሩበት ምን ይጎድልብኛል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገርና ይውጣልኝ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ምላሴ መራራ ነው ይሉኛል፤ ሐሰት አይደለም። ሚስቴ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ትታኝ ሄዳለች። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ በሽማግሌ ታርቀናል። ለአራተኛ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔ ነበርኩ፤ እሷ አልነበረችም። እነሱም ከመጣን አይቀር ብለው ምሳ በልተው ሄዱ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያውም እዚሁ አሜሪካ። እስከዚያ ድረስ መንገድ የማውቀው በሕንፃ ቀለም ነበር፤ አንዱ ባለቤት ሕንፃውን ባስቀባ ቁጥር እጠፋ ነበር። ያስተማሩኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያስተምሩ ነበር። እኔን የሕፃን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አደረሱኝ። አንድ ቀን እንኳ ሲስቁብኝ አላየሁም። ይህን ውለታ የምናገረው ኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ ልኩን እንድታውቁት ነው።

እትዬ በላይነሽ አሁን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሠፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን፤ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ከሥራቸው። እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ብቻቸውን ስል ከሻምበል ጋር ማለቴ ነው።

ሻምበል ዓሣ ነው። ፈረንጆቹ ቤታ የሚሉት ዓይነት፣ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ዓሣ፤ ታንክ በሚሉት የመስታወት ገንዳ ብቻውን ይኖራል። ጅራቱና ክንፎቹ ግን ከራሱ ይበልጣሉ፤ እንደ ሙሽራ ካባ እየተጎተቱ ይከተሉታል። መስታወት ካሳዩት ጉንጩን ነፍቶ፣ ደረቱን ገልብጦ፣ ለራሱ መልክ ይፎክራል። ለዚህ ነው ሻምበል ያሏቸው። ማለቴ ያሉት። ይኸው፣ ለዓሣውም አንቱ ልል ምንም አልቀረኝ።

እትዬ በላይነሽ ጧት ተነሥተው መጀመሪያ «እንደምን አደርክ?» የሚሉት ሻምበልን ነው። ፓሳዴና የሚባል ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው «እማ፣ ነይና ከኛ ጋር ኑሪ» ባለቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው። «ሻምበልን ማን ያይልኛል? አንቺ ጋ ድመት አለ።» ሶ፣ ያ ጣት የሚያህል ፍጥረት እትዬ በላይነሽን ሚድ ዊልሻየር ላይ የያዘ ችካል ነበር። እሱ ከተነቀለ እሳቸው ይሄዳሉ። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ እኔን «አንተ ልጅ» የሚለኝ በዚህ ከተማ የለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ጉልበታቸውን ሰርጀሪ ሊደረጉ አሥር ቀን ፓሳዴና ልጃቸው ዘንድ ሊቆዩ ሆነ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሻምበልን ላንተ ነው የምተወው።»

«እትዬ፣ እኔ ራሴን እንኳ ጠብቄ አላውቅም።»

«እሱን መች አጣሁት። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።»

የቤታቸውን ቁልፍና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ፊደሉ እያንዳንዱ ባቄላ ያህላል፤ ልክ የዱሮ ጊዜ፣ ገና «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት ሲያቅተኝ እንደሚጽፉልኝ። ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ የማነብ ሰው፣ ዳዊት የምደግም ሰው፣ ባቄላ ባቄላ በሚያህል ፊደል! ለዓሣ ደግሞ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል? ውሃ ውስጥ ነው፤ እፍኝ የማትሞላ ምግብ ነው። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ኪስ ለደብዳቤ መቃብር ነው።

ሦስቱን ቀን በሰላም አሳለፍን። በአራተኛው ቀን ጧት ወደ እትዬ በላይነሽ ቤት ስወጣ የታንኩ ውሃ ፊት አረፋ ለብሷል። ጥግ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ አረፋ። ሳሙና ገብቶበታል፣ ገደልኩት ብዬ እጄን አሸተትኩ። ሻምበል ግን አረፋው ሥር ወዲህ ወዲያ ይንጎራደዳል፤ እንኳን ሊሞት፣ ቤት ተረክቦ የሚያስጎበኝ ነው የሚመስለው። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ሥራ ቦታዬ ላይ ጋሼ መኮንን አሉ። ጋሼ መኮንን ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ ጧት ጧት የራሳቸውን ታጣፊ ወንበር ይዘው መጥተው መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። የማያውቁት ነገር የለም፤ የሚያውቁትንም ሁሉ የነገራቸው «አንድ ተሳፋሪ» ነው። ሙሉጌታም ነበረ፤ የሬስቶራንቱ ወጥ ሠሪ፣ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ። ሦስት ሆንን ማለት ነው። ሦስት ሐበሻ ባለበት ሽምግልና አይቀርም።

ጋሼ መኮንን መነፅራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ፎቶውን አዩ።

«ሳሙና አይደለም» አሉ። «ቤት ነው። ወንዱ ነው የሚሠራው። አንድ ተሳፋሪ ነግሮኛል።»

«ማን ሊኖርበት?»

«ይኸው! እሱን ነው የምልህ! ጎጆ ቀልሶ ሚስት የሌለው ወንድ ምን ይባላል?»

«ሪልተር፤ የቤት ደላላ» አለ ሙሉጌታ።

«ቀልድህን ተው! ይሄ ፍጥረት እኮ በአፉ እየተፋ ቤት ሠራ። ከዚህ በላይ እንዴት ይጠይቅ? ቋንቋ የለው። ሽማግሌ አይልክ። አደራ የተቀበለው ማን ነው?» በከዘራቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሙሉጌታ «እስቲ መጀመሪያ ስልክ ላይ እንየው» ብሎ ነበር።

«ለጋብቻ ስልክ አይታይም!» አሉ ጋሼ መኮንን።

ሙሉጌታ የገዛ ሚስቱን ያገኘው በስልክ ነው፤ ሲጋራውን ማገ።

ልንገራችሁ፣ እኔ ምላሴ መራራ ነው እንጂ አንጀቴ ቶሎ ይላወሳል። ባዶ ቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማታ ገብተህ መብራት የምታበራው ራስህ ብቻ ስትሆን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ደግሞም እትዬ በላይነሽ መጥተው ሻምበልን ከነሚስቱ ሲያገኙት አየሁት በሐሳቤ። «አንተ ልጅ፣ ይህን አሰብክልኝ?» ሲሉ ሰማሁ። የሰው ልጅ የሚከስረው ምስጋናውን አስቀድሞ ሲሰማ ነው።

ቅዳሜ የቤት እንስሳት መሸጫ፣ ፔት ስቶር ሄድኩ። ቤታዎቹ እያንዳንዳቸው ክዳን ባለው ኩባያ ለብቻ ለብቻቸው ተደርድረዋል። ማስተዋል የነበረበት ሰው እዚያው ላይ «ለምን ለየብቻ?» ይል ነበር። እኔ ግን እስር ቤት አሰኘኝና አዘንኩ። ሴቶቹ ሌላ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ጅራታቸው አጭር፣ ቀለማቸው ደብዘዝ ያለ፣ ሰውነታቸው ቁጥብ። ወንዱን ለሠርግ አስጊጦ ሴቷን ለሥራ አስታጥቆ የፈጠራቸው ይመስላል። አንዷን መረጥኩ፤ ዳማ መልክ፣ ጎኗ ላይ ፈዘዝ ያለ መስመር ያላት። ዓይኗን አልሰበረችም፤ ትክ ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር።

ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ሻጭ መጣች። «ቤትህ ሌላ ቤታ አለ?»

«አዎ። ወንድ። ባሏ ነው።»

አልሳቀችም። «አብረው አይኖሩም» አለች። «ይጋደላሉ። ለመራባት ብቻ፣ ያውም የሚያውቅ ሰው ቆሞ እያየ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው የሚገናኙት። ሴቷም ገር እንዳትመስልህ፤ ትነክሳለች። ሁለተኛ ታንክ አለህ?»

«አለኝ» አልኳት።

የለኝም። ግን ፀጉሯን ሰላጣ ያስመሰለች ልጅ ስለ ትዳር ልታስተምረኝ? እኔ እኮ ሚስቴን ከሠርጋችን ቀን በፊት ያየኋት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም በጎን። ይጋደላሉ ትለኛለች! ማን ያልተጋደለ አለ? ይላመዳሉ አልኩ በልቤ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም እትዬ በላይነሽ ቤት ተሰበሰብን። ጋሼ መኮንን ክራባት አስረዋል። እኔ ስቄባቸው ነበር፤ ኋላ ሳስተውል እኔም ጫማዬን ጠርጌያለሁ። ሙሉጌታ የሴቷ ወገን ሆነ፣ ጋሼ መኮንን የወንዱ።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ ጋሼ መኮንን ቆመው።

«ልጃችን ጨዋ ናት» አለ ሙሉጌታ የፕላስቲክ ኩባያውን ደረቱ ላይ ይዞ።

«ሞያስ አላት?»

«ዋና ትችላለች።»

«ዘር ይቆጠር!»

ሙሉጌታ ስልኩን አወጣ። «ሁለቱም መጀመሪያ ከታይላንድ ናቸው ይላል።»

ጋሼ መኮንን አሰቡ። «ታይላንድ ሰፊ አገር ነው። ይሁን።»

ኩባያውን ታንኩ ውስጥ ደፋሁት። ሙሽራዋ ገባች። ሻምበል አያት። እናንተዬ! ያ ካባ ተዘረጋ፤ ጉንጩ ተነፋ፤ እየተርገፈገፈ ዞራት፤ ትከሻ ቢኖረው እስክስታ ነበር። ሙሉጌታ እልል አለ። በወንድ አንደበት ሲያስጠላ! ጋሼ መኮንን «አየህ? አየህ? ሲጠብቃት ነው የኖረው!» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም፣ ሐፍረት ይግደለኝ፣ «ውለዱ ክበዱ» አልኩ።

አሜን ሳይባል ነከሳት።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። እሷ በፊት፣ እሱ በኋላ፤ በድንጋዩ ሥር፣ በቅጠሉ መሀል፣ በአረፋው ሥር። ከጎን ክንፏ ቁራጭ ተንሳፈፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግ ነው?» አለ ሙሉጌታ።

«መጀመሪያ እንዲህ ነው» አሉ። «ትላመደዋለች። አንተ፣ ምከራት እንጂ!»

እኔም ጎንበስ አልኩና፣ ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል፣ በመስታወቱ በኩል «ቻይው» አልኳት። «ቻይው እንጂ፤ የወንድ ቁጣ እንደ ገለባ እሳት ነው።» ከዚያ ሦስታችን እኔ ቤት ወርደን ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ ተመልሰን ወጥተን ስናይ ቅጠል ሥር ተለጥፋ ቆማለች፤ እሱ ደግሞ አረፋው ሥር ይንጎራደዳል። ጸጥታ ነው። ታረቁ አልን። ጋሼ መኮንን ጨብጠውኝ ሄዱ።

ሰኞ ጧት በሩን ከፍቼ ስገባ የማየው ሰማያዊ ብጥስጣሽ ነው፤ ውሃው ላይ እንደ ተበተነ ጨርቅ። «ገደላት!» ብዬ ሮጥኩ። አልገደላትም። እሷ መሀል ሜዳ ላይ ናት። ጥግ የተወሸቀው ሻምበል ነው። ያ ካባ አልቋል! የቀረው አጥንት አጥንቱ ነው፤ ልክ ጨርቁ ያለቀ ጃንጥላ። እኔ እያየሁ አንድ ጊዜ ሊፎክር ዞረ፤ ግን በዚያ በተቦጫጨቀ ልብስ እስኪዞር እሷ በአጭር ጅራቷ እብስ ብላ ከኋላው ደረሰችና የቀረችውን ቦጨቀችለት። አረፋውም ፈርሷል። ጎጆው ትናንት የተወራለትን ያህል እንኳ አልቆመም።

በጭልፋ ላወጣት ገባሁ። መጀመሪያ ያወጣሁት ሻምበልን ነው። መለስኩት። ሁለተኛ ጊዜ አገኘኋት፤ ከጭልፋው ዘላ የእቃ ማጠቢያው ውስጥ ገባች። ሸሚዜ ርሶ፣ «እባክሽ እመቤቴ» እያልኩ በሁለት እጄ ዘግኜ፣ ማስቀመጫ ሳጣ ሮጬ ቤቴ ወርጄ መጀመሪያ ያገኘሁት ዕቃ ጠጅ የምንጠጣበት ብርሌ ሆነ። ከነውሃው አንገቱ ላይ አንቆረቆርኳት። ስልሳ ሦስት ዓመት ኖሬ ዓሣ በብርሌ የቀዳሁ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ኪሴ ትዝ አለኝ። ወረቀቱን አወጣሁ። አንደኛ፣ ጧት ሦስት ፍሬ ምግብ፣ ማታ ሁለት። ሁለተኛ፣ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ። ሦስተኛ፣ አረፋ ቢሠራ አትደንግጥ፤ ደስ ሲለው ይሠራል። አራተኛ፣ ከሌላ ዓሣ ጋር እንዳታገናኘው፤ ሴትም ብትሆን። «ሴትም ብትሆን» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ባቄላ በሚያህል ፊደል። ሰውዬአቸውን ያውቁታል ማለት ነው።

ወደ ፔት ስቶሩ በረርኩ። ያቺው ልጅ። ሻምበልን ያነሣሁትን ፎቶ አይታ «ንጹሕ፣ ሞቅ ያለ ውሃ፤ ጊዜ ከሰጠኸው ይበቅልለታል። ካልበላ ግን ያሰጋል» አለችኝ። ቀጠለችና «ሁለተኛው ታንክህስ?» አለች።

«ተሰበረ» አልኳት።

ወጣሁ። አንድ ውሸት ሚስት ካገባ ወዲያው ይወልዳል።

ሰኞና ማክሰኞ ለሻምበል ውሃ ስቀይር፣ ሙቀት ስለካ፣ ሥራ ቀርቼ «ብላ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ፣ በሞቴ» እያልኩ ስለምን ዋልኩ። አልበላም። ታች ወርዶ በጎኑ ተኝቷል። ጋሼ መኮንን በየሰዓቱ ይደውላሉ፤ «ሻምበል እንዴት ነው?» ሙሉጌታ ቴክስት ያደርጋል፤ «ሻምበል ተሻለው?» ቀብር የሚጠብቅ ሠፈር ሆንን።

ረቡዕ እትዬ በላይነሽ መጡ። ልጃቸው ደግፋቸው፣ በዎከር ተመርኩዘው እየተራመዱ፣ ከበሩ ጀምረው «ሻምበል! ሻምበልዬ!» እያሉ። ሻምበል አልተነሣም። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምን ሆነብኝ?»

አሁን እውነቱን የመናገሪያ ቦታዬ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። «ራሱ ነው የረገፈው፣ እትዬ። ከሄዱ ጀምሮ… ናፍቆት ይመስለኛል።»

ናፍቆት! ይህን ያልኩትን ምላስ ቆርጬ ለልጃቸው ድመት ብሰጥ ይገባል።

እትዬ በላይነሽ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ እንጂ። ለአንድ ጉልበት ብዬ ጥዬው ሄድኩ።» አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

ልጃቸው አጎነበሰች። «እማዬ፣ በቃ እኮ። አሁን ምን የሚይዝሽ አለ? ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ዛሬውኑ እንመለስ።»

«እሺ» አሉ።

እሺ! ስንት ዓመት ስትለምናቸው ያላሏትን ቃል።

«ዳርኩት» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ሻምበልን። እሑድ ዕለት ዳርኩት። ሴት ገዝቼ አመጣሁለት። ጋሼ መኮንንም ነበሩ፤ ክራባት አስረው። ናፍቆት አይደለም እትዬ፤ እርስዎ ምንም አላደረጉትም። እኔ ነኝ። ልጅቱ አብረው አይኖሩም ብላኝ ነበር፤ ታንክ አለኝ ብዬ ዋሸኋት። እርስዎንም አሁን ዋሸሁ።»

ልጃቸው ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስትስቅ ነው። እትዬ በላይነሽ አልሳቁም።

«ወረቀቱን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

በአርባ አንድ ዓመቴ የሕፃን ወንበር ላይ ስቀመጥ ያላፈርኩትን ያን ቀን አፈርኩ። ስድባቸውን ጠበቅኩ። «ከቤቴ ውጣ»ን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ሻምበልን አንድ ጊዜ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሴቲቱስ?»

«እ?»

«ሚስቲቱ። የት ናት?»

«ታች… ቤቴ። ብርሌ ውስጥ።»

«ቆስላለች?»

«ትንሽ። ጎኗ።»

«ምን በላች?»

ሰኞ ጧት የማድ ቤቴ መስኮት ላይ አስቀምጬ በሩን እንደ ዘጋሁ፣ ዞሬም አላየኋት። ከዚያ ወዲህ ውሃ የለካሁት ለሻምበል፣ የለመንኩት ለሻምበል፣ ስልኩ የጮኸው ለሻምበል። እሷን ከሦስት ወንዶች አንድ እንኳ አልጠየቀም። «ቻይው» ያልኳት እኔ እንኳ።

እትዬ በላይነሽ ፊቴን አነበቡት፤ ማንበብ ሥራቸው ነው። «ደውልልኝና ስልኩን እንደ ተከፈተ ያዝ። ውረድ። አሁን» አሉ። ከዚያ ለልጃቸው «አንቺም ሻንጣውን ከበሩ መልሽው። ይህን ሰውዬ እንዲህ እንዳለ ጥዬ የት ነው የምሄደው? ገና ምኑም አልተማረ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። አለች። በሕይወት አለች። ብርሌው ወገቡ ላይ ቆማ፣ አንድ ጎኗ ተቦጭቆ፣ ከመስኮቱ ፀሐይ ፊቷን አዙራ። ከሻምበል ምግብ ይዤ የወረድኩትን ፍሬ በፍሬ ጣልኩላት። ስታየኝ ወደ ታች ወረደችና ጥግ ያዘች። ብርሌ ጥግ የለውም፤ እሷ ግን አገኘችለት።

«በላች?» አሉ እትዬ በላይነሽ ከስልኩ ውስጥ።

«አልመጣችም፣ እትዬ። እያየችኝ ነው።»

«አንተን እያየች እንዴት ትበላለች? ዙርላት!»

ዞርኩ። አፍንጫዬ ማቀዝቀዣውን እየነካ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ኋላዬ ምንም አይሰማም። አንገቴ ሊዞር ፈለገ፤ ከለከልኩት። አንድ ጊዜ «ጵ» የምትል የውሃ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«አሁንስ? በላች?»

«አላውቅም እትዬ፤ ፊቴን አዙሬያለሁ።»

«እንደዛው ቆይ» አሉኝ።